ከውጫሌ በላይ የወይን ለቀማ

እትዬ ባንቺአየሁ የደወለችልኝ ረቡዕ ነው። «ዝናብ ያለ ጊዜው መጣብን። ወይኑ ሳይበሰብስ ቆርጨ መለየት አለብኝ፤ ከቻልክ ና» አለችኝ። ታላቅ እህቴ ሰው ማስቸገር አትወድም። ባሏ አያ ሙላት ቀኝ ጎኑን ከታመመ ወዲህ እንኳ አንድ ቀን ለሥራ ጠርታኝ አታውቅም። ስለዚህ በማግሥቱ ማለዳ፣ የሚያመኝን ጉልበቴን እያሸሁ ከደሴ መናኸሪያ ተሳፈርኩ።

ሐይቅ

ቦሩ ሜዳን ስናልፍ ብርዱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ አንገቴን ያዘኝ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሐይቅ ደረስን። እትዬ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ በርሜል አምጣ ብላኝ ስለነበር መውረድ ግድ ሆነብኝ። የመጀመሪያው ሻጭ ያሳየኝ በርሜል አፍንጫዬን ሳስገባ ዘይት ዘይት አለኝ። ሁለተኛው ሻጭ «የእኔ ማር ነበረበት» አለ። አሸተትኩት፤ እውነቱን ነው፤ ገዛሁት። ከዚያ አንድ የተጠበሰ ዓሣ አዝዤ ቁርሴን በላሁ። ከእሾሁ ጋር ስታገል ቀዘቀዘብኝ።

የውጫሌው ሚኒባስ ረዳት በርሜሉን ዐይቶ «ይኼ እንደ ሰው ይከፍላል» አለኝ።

«ከእኔ ይቀላል እኮ።»

«ቦታ ግን ካንተ በላይ ይይዛል፣ አባባ።»

የሁለት ሰው ከፈልኩ።

ውጫሌ

የአምባሰል ተራራ ግማሽ ጎኑ በደመና ተሸፍኗል። ከውጫሌ ባጃጅ ያዝኩ፤ ሹፌሩ ግን ጎርፍ መንገዱን የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። «ከዚህ በኋላ በእግር ነው» አለኝ። በርሜሉን በትከሻዬ ተሸክሜ ዳገቱን ተያያዝኩት። ሦስት ጊዜ አረፍኩ። በአራተኛው ስቀመጥ የእትዬን ቆርቆሮ ጣሪያ አየሁ፤ ከበላዩም በእርከን በእርከን የተተከለውን ወይን። አያ ሙላት በገዛ እጁ የካበው እርከን ነው።

ለቀማው

ግቢው ውስጥ ማዳበሪያ ተዘርግቶ ዘለላው ተቆልሏል። አያ ሙላት ጥላው ሥር ተቀምጦ ሰፌድ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በግራ እጁ ይለቅማል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ዕቃ ተጋድሟል። ከጎኑ ጎረቤታቸው እቴ ዘይነባ አለች።

«መጣህ? በል እጅህን ታጠብ» አለኝ አያ ሙላት። «ወይኑን ግን እንዳታጥበው። ላዩ ላይ ያለው ዱቄት የመሰለ ነገር ነው የሚያፈላው።»

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ቅጠሉን ማውጣት፣ ያልበሰለውን አረንጓዴ መንቀል፣ የፈነዳውንና ሻጋታ የያዘውን መጣል፣ ደህናውን ፍሬ ከዘንጉ ማላቀቅ። ያበጠ ፍሬ ጣት ሲነካው ይፈርጣል፤ ያን ጊዜ ተርብ ይሰበሰባል። ጥቂት ቆይቶ ወገቤ ተቃጠለ፣ ጣቶቼም ተጣበቁ። ዝናቡ ብዙ ጎድቶታል፤ ከሁለት ዘለላ አንዱ የሚጣል ነበር።

«የወይን ጠጁ የናንተ ነው፤ እኔ የዘቢቡን ነው የምለቅም» አለች እቴ ዘይነባ፣ ለማድረቂያ የሚሆነውን ለብቻ እያደረገች። «ወላሂ እንዲህ ያለ ዓመት አላየሁም።»

እትዬ አንዴም አልተቀመጠችም። የእያንዳንዳችን ሰፌድ ሲሞላ አንስታ ወደ ጓሮ ትወስዳለች፤ በርሜሉን እዚያ ጥላ ውስጥ አኑራዋለች። የአያ ሙላትን ይዛ ስትሄድ ግን ትዘገያለች። ውኃ ልጠጣ ስነሣ አየኋት። መሬት ላይ ተንበርክካ ባሏ የለቀመውን እንደገና ትለቅማለች። ሰፌዱ ውስጥ ሻጋታ የለበሰ ፍሬ ብዙ አለ።

«ለምን አትነግሪውም፣ እትዬ?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

«ምን ብዬ? ዓይንህም እንደ እጅህ ሆኗል ልበለው?» ቀና አላለችም። «ትንሽ ሻጋታ በርሜሉን ሙሉ ያበላሸዋል። እሱን ደግሞ ከሰፌዱ ባስነሣው የሚቀረው ነገር የለም። አምናም እንዲሁ አድርጌዋለሁ።»

«ጭመቃው ላይስ?»

«ያንንም የምሠራው እኔው ነኝ።»

ሰፌዱን ከእጇ ወሰድኩት። «ሂጂና አረፍ በይ» አልኳት። ሄደች፤ ግን ምጣድ ልታጥብ ነው የሄደችው።

ጭመቃው

በማግሥቱ ጠዋት ቀሪውን ልንጀምር ስንል አያ ሙላት ሰፌዱን አልቀበልም አለ።

«ትናንት ከጓሮ ስታወሩ ሰምቻችኋለሁ» አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። «ሻጋታውን ከጥላው መለየት አቅቶኛል። አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ፣ አንቺ ደግሞ እኔ እንዳላውቅ ትደክሚያለሽ።»

እትዬ መቀነቷን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች።

«ሳፋውን ወዲህ አምጪው። መጭመቅ ዓይን አይፈልግም።»

ሳፋውን በእግሮቹ መካከል አስቀመጥንለት። ግራ እጁን እስከ ክርኑ አስታጠበችውና ፍሬውን ጨመርኩለት። ቀስ እያለ፣ ፍሬውን በመዳፉ እየጨፈለቀ፣ ዘሩን ሳይሰብር ጨመቀ። ጭማቂው በጣቶቹ መካከል ወጣ። ሲደክመው ያርፋል፤ ማንም አልተሻማውም። ወደ እኩለ ቀን የተጨመቀውን ከነልጣጩ በርሜሉ ውስጥ አፈሰስነው። ሲፈላ ስለሚነሣ እስከ አፉ ሳንሞላ ነጠላ አለበስነው።

ከዚያ አያ ሙላት ወደ እርከኑ እያየ «የላይኛውን ወይን ንቀይውና ሽንኩርት ይተከልበት» አለ። «የታችኛው ይበቃናል።»

እትዬ ቀና ብላ እርከኑን አየች። «ድንጋዩን እየቆጠርክ የካብከው እኮ ነው።»

«ካቡ የትም አይሄድም። ሽንኩርቱን ይይዛል።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በርጩማ ሳበችና ከጎኑ ተቀመጠች። ከመጣሁ ወዲህ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

መልስ

ቁልቁለቱ ከዳገቱ በላይ ጉልበቴን ፈተነው። ከውጫሌ እስከ ደሴ ጭንቅላቴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ መጣሁ፤ ጥፍሬ ሥር የገባው ወይን ጠጅ ቀለም አልለቅ ብሏል። የሄድኩት የእህቴን ሥራ ላቀልላት ነበር። ያደከማት ግን ቁልሉ ብቻ አይደለም፤ ባሏን ላለማሳዘን ከጓሮ ተደብቃ የምትሠራው ነው። ያን ከላይዋ ያነሣላት ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። እኔም የጉልበቴን ነገር ከባለቤቴ መደበቅ ይብቃኝ ብዬ፣ ቤት እንደገባሁ ሐኪም ቤት አብራኝ እንድትሄድ ነገርኳት።

ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በሰላም መግባቴን ልነግራት ለእትዬ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣው አያ ሙላት ነው፤ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው።

«ተኝታለች» አለኝ። «አልቀሰቅሳትም።»