ከሾላው ሥር የተወጋው አምባዛ

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት የዓሣ ጥብስ ሲሸተው፣ ወንድሜ ከማል እየጎተተ አስገባኝ። እኔን ግን ሽታው ቦርከና ወንዝ ወሰደኝ።

በልጅነታችን ከወንዙ ሁሉ የምንወደው ከሾላው ሥር ያለውን ጥልቅ ውሃ ነበር። ከማል የሾለ ብረቱን ይዞ ይጠልቃል፤ እኔ ልብሱን ታቅፌ የትንፋሹን አረፋ አያለሁ። አንድ ቀን ክንድ የሚያህል አምባዛ ወግቶ ወጣ። ጭቃ ጭቃ እየሸተትን ቤት ይዘነው ገባን።

«እማ፣ ዓሣ አራጅ አይፈልግም፤ ሐላል ነው» አላት።

እናቴ ከየት እንዳወጣው ጠየቀችው። ሲነግራት ፊቷን አዞረች።

«ሐላልነቱን አላጣሁትም። ምን በልቶ እንደወፈረ ነው የማላውቀው።»

ለድመት እንኳ ሳታስቀር ጓሮ ወስዳ ቀበረችው። እኛ ሳቅን፤ ዓሣ ይቀበራል እንዴ?

እሷን የቀበርን ሰሞን አክስቴ ነገረችኝ። እናቴ እርጉዝ ሆና ዓሣ አምሯት ነበር። አምሮቷ እንዳይቀርባት ብሎ ታናሽ ወንድሟ እዚያው ሾላ ሥር ጠለቀ፤ አልወጣም። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

«ቅመሺ እንጂ» ይለኛል ከማል፣ ጣቱን እየላሰ።

ያኔ በሆዷ የነበረው እሱ ነው። እስካሁን አልነገርኩትም።