ለመምህሩ ታነብላቸው የነበረችው ልጅ

ጋምቤላ ክልል ሆና ብዙም ሳትቆይ፣ በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተመድቤ እሠራ ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ነው። እናቴ «ሙቀቱ ይገድልሻል» ብላ አልቅሳ ነበር የሸኘችኝ። ሙቀቱን ለመድኩት። ያልለመድኩት ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው የምጽፈው።

ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ የስብሰባ አዳራሽ የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲመታው አጠገብህ ያለው ሰው የሚናገረው አይሰማህም። መደርደሪያው ላይ የነበሩት አብዛኞቹ መጻሕፍት ያለፈው መንግሥት የተዋቸው፣ ማንም የማይገልጣቸው ወፋፍራም ጥራዞች ነበሩ። ከነሱ ሌላ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ነበሩን፤ እነሱንም ተማሪዎች በፈተና ሰሞን ይሻሙባቸዋል። በሌላው ጊዜ ቤቱ ባዶ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በአዲስ በሚቀባበት በዚያ ወቅት፣ የቢሮው ኃላፊ አንድ ቀን መጥተው ባዶውን አዳራሽ አዩና «በጀት የለኝም። ሰው ግን ከተማው ውስጥ ሞልቷል። ለምኚና ቤቱ ሕዝብ ይግባበት» አሉኝ።

ለመንኩ። አንዲት ነርስ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ወባ ለእናቶች ለማስተማር ፈቀደች። በገበያው ሱቅ የነበራቸው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ምንጣፍ ሰጡን፤ የተሰበሩትን አግዳሚ ወንበሮችም በራሳቸው አናጢ አስጠገኑልን። ፊደል ለማያውቁ ሰዎች ደግሞ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን ብዬ በር ላይ ለጠፍኩ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ መጡ። ባለቤታቸው የዱላቸውን ጫፍ ይዘው ከፊት ከፊት ይመሯቸዋል። አኙዋክ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ ከተማው በሞላ «መምህር» የሚላቸው ሰው። ዓይናቸውን ያጠፋው ወንዝ ዳር ያለው ዝንብ የሚያመጣው በሽታ ነው።

«ማንበብ ለማይችል ሰው እዚህ ይነበባል አሉኝ» አሉ።

«እኛስ ፊደል ላልቆጠሩ ብለን ነበር፣ መምህር።»

«ፊደሉንስ ቆጥሬአለሁ። ዓይኔ ነው የተወኝ። አይሆንም ካልሽ እመለሳለሁ።»

አስቀመጥኳቸው። የሚያነብላቸው ሰው ግን አልነበረኝም። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ የምትጠብቅ ወጣት ነበረች። ኑዌር ናት፤ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር አጎቷ ቤት ትኖራለች። ቀኑ አልገፋ ሲላት እየመጣች ትቀመጥ ነበር። ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

«አማርኛዬ ጥሩ አይደለም፣ እህቴ» አለች፤ አፏን በእጇ ሸፍና።

መምህሩ ሰምተዋል። «የኔም ስጀምር ጥሩ አልነበረም። ነይ፣ ተቀመጪ።»

የመረጡት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነበር። «ጠ» እና «ቀ» አፏ ላይ አልጠነክር ይላታል፤ ስትስት መምህሩ በዱላቸው ወለሉን መታ ያደርጋሉ፤ እሷም ትመለስና ትደግመዋለች። ሁለተኛ ወሯ ላይ ዱላው ጸጥ አለ። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚወዱት ስለ ወንዞች የሚያወራውን ክፍል ነው። የአንድ ወንዝ ስም በተነሳ ቁጥር «ባሮን ያህላል?» ይላሉ። መጽሐፉ ስለ ባሮ ምንም አይልም። እሷ ግን ዐይኗን ከገጹ ሳታነሳ «አያህልም» ትላቸዋለች። አማዞን ላይ ሲደርሱ ግን ጨነቃት። «ይበልጣል፣ መምህር። ትንሽ ነው የሚበልጠው» አለች። መምህሩ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ንባቡ ሲያልቅ የኑዌርንና የአኙዋክን ቋንቋ ቃላት ያነጻጽራሉ። ብዙ ነገር በሚቀራረብ ቃል እንደሚጠሩ ሲያገኙ፣ የጠፋ ዘመድ ያገኙ ይመስል ደስ ይላቸዋል። ባለቤታቸው አማርኛ እምብዛም አይችሉም። በረንዳው ላይ ተቀምጠው የልጅቷን ድምፅ ያዳምጣሉ። ባለቤታቸው ሲታመሙ መምህሩን ሊወስድ የሚመጣው አንድ ልጃቸው ነበር፤ ሹፌር ነው፣ ቀልደኛ። ልጅቷን «አባታችንን ቀማሽን እኮ፤ ቤት ሲገባ ወሬው ሁሉ ያንቺ ነው» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ አፏን መሸፈኑንም ትታው ነበር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። በሁለቱ ወገኖች፣ በአኙዋክና በኑዌር መካከል ግጭት ተነሳ። እንዴት እንደተጀመረ ሁሉም የየራሱን ይናገር ነበር፤ እኔ አሁንም አላውቅም። ሱቆች ተዘጉ፣ መንገዱ ጭር አለ፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፌ ቤቴ ተቀመጥኩ። የመምህሩ ልጅ በዚያ ሰሞን ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገድ ላይ ተገደለ። ማን እንደገደለው የታወቀ ነገር የለም። በዚያው ሳምንት የልጅቷ አጎት ቤት ተቃጠለ፤ ዘመዶቿም ወደ ኢታንግ ወረዳ ሸሹ።

ከመሄዷ በፊት እኔ ጋ መጣች። በር ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ሰማሁ» አለች። «ለቅሶ ልድረስ?»

«አሁን አይሆንም፣ እህቴ።»

«እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ሁልጊዜ ይቀልድብኝ ነበር።»

«አውቃለሁ። አንቺንም የሆነ ነገር እንዳያደርጉሽ ነው የምፈራው።»

ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ለቅሶው ቤት እኔ ሄድኩ። መምህሩ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ተቀምጠዋል። እጄን ያዙና ማን መሆኔን አወቁ። ባለቤታቸው ራሳቸውን ተላጭተዋል። ባልና ሚስቱን እዚያ ትቼ ወጣሁ።

ከተማዋ ቀስ እያለች ተረጋጋች። ቤቱን ከፈትኩ፤ ነርሷም ትምህርቷን ቀጠለች። ብዙ ቅዳሜዎች ካለፉ በኋላ መምህሩ በባለቤታቸው ተመርተው መጡ። «ቤት መቀመጥ አቃተኝ» አሉ። እኔ አነበብኩላቸው። የትኛውን ክፍል እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው «የፈለግሽውን» ይሉኛል። ስለ ወንዞች ባነብም ምንም አይጠይቁኝም።

በበጋው ልጅቷ ለሥራ ጉዳይ ከኢታንግ መጣች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ስትገባ መምህሩ ቦታቸው ላይ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ገበያ ሄደው ነበር። ልጅቷ ፊቷ ከስቷል። በዓይኗ ጠየቀችኝ። እኔም ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፣ መጽሐፉን ሰጠኋትና ቦታዬን ለቀቅኩላት።

ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ቃል ላይ የመምህሩ ትከሻ ቀጥ አለ። አላቋረጧትም። አንድ ገጽ ሙሉ አነበበች፤ አንድም ፊደል ሳትስት። ገጹን ልትገልጥ ስትል እጃቸውን ዘርግተው ፈለጓት፤ አገኙና መዳፋቸውን በእጇ ላይ አሳረፉ።

«መቼ መጣሽ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ መምህር።»

«ቤታችሁ ተቃጠለ አሉኝ።»

«አዎ።»

«አዝኛለሁ።» የልጅቷ እንባ መጽሐፉ ላይ ይንጠባጠባል። «ልጄ፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ይህን ሰው እንዲነግርልኝ አልፈልግም፤ እኔው ራሴ እነግርሻለሁ። ግን ድምፅሽን ስሰማ እሱ በዚያ በር ሲገባ ነው የሚመጣብኝ። አልቻልኩም። ከእንግዲህ አታንብቢልኝ።»

«እሺ፣ መምህር» አለች።

«እሺ አትበዪኝ። ተቆጪኝ።»

«አልቆጣዎትም።»

መጽሐፉን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጉልበታቸውን ሳመች። የወጣችው በኋላ በር ነው። ለምን በዚያ እንደወጣች ከሄደች በኋላ ነው የገባኝ፤ ባለቤታቸው ከገበያ ሲመለሱ እንዳያገኟት ነው። መምህሩ በዚያ ቀን ሌላ ነገር እንዳነብላቸው አልፈለጉም። ወንበራቸው ላይ እንዳሉ፣ ያለ ድምፅ አለቀሱ።

እሷ ኢታንግ ውስጥ መምህርት ሆና ተቀጠረች። እሳቸው ደግሞ እየቀሩ ሄዱ። አንድ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ሁለቱን ይቀራሉ። ሲመጡም ንባቡ መሐል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ክረምቱ ሲገባ ወባ ያዛቸው፤ አልተነሱም።

ልጅቷ ወሬውን ሰምታ በጭነት መኪና መጣች። ስትደርስ ቀብሩ አልቋል። ልብሷ በጭቃ ተበላሽቷል። ቤታቸው ልሂድ አላለችኝም። እኔም ልሸኝሽ ለማለት ድፍረት አልነበረኝም። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ «አንቺ ሂጂና ለመምህር ባለቤት ንገሪልኝ። መጥታ ነበር በይልኝ። መኪናው ከሰዓት ይመለሳል» አለች።

ሄድኩ። ሴትየዋን ከቤታቸው ውጪ፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው። መጀመሪያ የሰሙኝ አልመሰለኝም፤ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። ልነሳ ስል የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ።

«በልታለች?» አሉኝ፣ በዚያች ትንሽ አማርኛቸው።

አልበላችም አልኳቸው። ተነስተው ቤት ገቡ፤ የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልለው አመጡና፣ ሴቶቹ እንዳያዩት በነጠላዬ ሸፈኑልኝ።

በጭቃው የቻልኩትን ያህል ፈጠንኩ። ቤተ መጻሕፍቱ ስደርስ ወንበሩ ባዶ ነው። ሰማዩ ዝናብ አርግዟል ብሎ የጭነት መኪናው ሹፌር ቀደም ብሎ ተነስቷል። ወደ ኢታንግ የሚወጣው መንገድ ድረስ ሄድኩ፤ አንድም መኪና አላገኘሁም። ከሳምንታት በኋላ ሰው አግኝቼ ላክሁባት፤ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራለች አሉኝ። እኔም በዓመቱ ወደ አገሬ ተዛወርኩ። ሴትየዋ የላኩላትን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እሳቸውም ደርሷት እንደሆነ አንድ ቀንም አልጠየቁኝም።