ወህኒ ቤት የተሸመነው የጥምቀት ቀሚሴ

በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ የምትለብስ ሴት ሸማዋ የሚወጣው ከወህኒ ቤት ነበር ማለት ይቻላል። እስረኞቹ ሽመና ይማራሉ፤ እኛ ደግሞ ፈትላችንን ለበሩ ዘበኛ እንሰጣለን። ከሳምንታት በኋላ ሸማ ሆኖ ይመለስልናል።

ያን ዓመት አሥራ ስድስት ሞልቶኝ ነበር። ጥጡን ራሴ ነድፌ፣ ራሴ ፈትዬ ያሠራሁት የመጀመሪያ ቀሚሴ ስለሆነ በየቀኑ በሩ ላይ እየሄድኩ «ደረሰ?» በማለት ዘበኛውን አሰልችቼዋለሁ። ሸማኔውን ግን አይቼው አላውቅም። የዘንገና ገበሬ እንደነበረ፣ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን አቁስሎ እንደታሰረ ብቻ ሰምቻለሁ።

ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው ለእስረኞቹ ምሕረት መጣ! ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኔና እናቴም እየሮጥን ደረስን። አንድ እስረኛ በወጣ ቁጥር እልልታው ይቀልጣል፤ እናቴ የማታውቀውን ሰው ሁሉ እያቀፈች ትስማለች።

በመጨረሻ አንድ ረጅም ሰውዬ ወጣ። በቅሎ ይዛ ስትጠብቀው የነበረችው ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አብረው አለቀሱ። ከዚያ ሰውዬው ድንገት ወደ በሩ ዞረና፣ «አስገባኝ» አለው ዘበኛውን።

«ምን አልክ?»

«ያልጨረስኩት ሸማ አለ። የአንዲት ልጅ የጥምቀት ቀሚስ ነው፤ ጥለቱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ሰውዬ፣ እዚህ በር ላይ ልውጣ የሚል እንጂ ልግባ የሚል ገጥሞኝ አያውቅም!» አለ ዘበኛው። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሚስቱ ግን በአገውኛ ጮኸችበት። ዘበኛው በጣቱ ወደ እኔ ሲጠቁም ቀሚሱ የእኔ መሆኑ ገባኝና ልቤ ዘለለ፤ ፊቴም በእፍረት ጋለ።

እናቴ ወደ ፊት ወጣች። «ወንድሜ፣ ቀሚሱ ይቅር! ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችህን ሚስትህን ይዘህ አገርህ ግባ።»

«አይሆንም፣ እትዬ። እንዲህ ያለ ቀጭን ፈትል በእጄ ገብቶ አያውቅም። ለሌላ ሰው አልተወውም።»

እናቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ። ፈትሌን ያመሰገነልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ እዚያው መጨፈር አማረኝ!

ሳቁን ሰምቶ የወጣው የወህኒ ቤቱ አዛዥ ነገሩን ሲረዳ እሱም ሳቀ። «ቀን ቀን እየገባህ ሥራ። ማደሪያ ግን ከእንግዲህ የለህም» አለው። እናቴ ባልና ሚስቱን ወደ ቤታችን ወሰደቻቸው።

ሚስቲቱ የመጀመሪያውን ቀን አኮረፈችኝ። በማግስቱ ግን እንዝርቴን አንስታ ክሩን በጣቷ ዳሰሰችና፣ «አንቺ ነሽ ይህን የፈተልሽ?» አለች በተሰባበረ አማርኛ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሳቀችና አጠገቧ አስቀመጠችኝ፤ እስኪመሽ አብረን ፈተልን።

የከተራ ዕለት ረፋዱ ላይ ሰውዬው ሸማውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ነበር። እናቴ አንዱን እጅጌ፣ ሚስቱ ሌላውን ይዘው ሲሰፉ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ በዙሪያቸው እሽከረከር ነበር። ታቦቱ ሲወርድ ለብሼው ደረስኩ።

ጥምቀትን አብረውን ውለው በማግስቱ ሲሄዱ፣ ሚስቲቱ በቅሎዋ ላይ ሆና፣ «ለሠርግሽ ጥሪን!» አለችኝ።

«ፈትሉን ከዛሬ ጀምሪው!» አለ ባሏ።