ሻይ ስቀዳ የሰማሁት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት ለፊርማ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ግቢያችን አዲስ ተከራይ ገባች። ዕቃዋን አውርዳ ሳትጨርስ በየበሩ እየዞረች ሰላም ስትል ኦቦ ቶሎሳ ትዝ አሉኝ።

ሰበታ፣ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ ሻይም አፈላለሁ። ያን ጊዜ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቢሮው ከቡራዩ ወደ እርሻው ተዛወረ። ኢሜይል የሚልከው ማሽንም አብሮ መጣና የኢንተርኔት ቁጥሩ ተቀየረ። ማሽኑን የሚጠብቁት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። በየቀኑ ከሱሉልታ ይመላለሳሉ። የጫማቸውን ጭቃ በር ላይ ጠርገው የሚገቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ሻይ ስሰጣቸውም "ገለቶሚ" ብለው በኦሮምኛ ያመሰግኑኛል።

አንድ ቀን ለሥራ አስኪያጁ ሲያስረዱ እየቀዳሁ ነበር።

"አዲሱን ቁጥራችንን ማንም አያውቀውም፤ እንደ አዲስ ተከራይ ቁጠረው። መጀመሪያ ለቅርብ ደንበኞች ብቻ እንላክ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንጨምር። ለሁሉም ባንዴ ከላክን የተቀባዮቹ ማሽኖች አጭበርባሪ ነው ብለው ይዘጉብናል።"

"አንቱ ደግሞ ምሳሌ አያልቅብዎትም!" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ኦቦ ቶሎሳ ሳይደርሱ፣ የእንቁጣጣሽ መልካም ምኞት አድራሻው ላለን ሰው ሁሉ ባንዴ ተላከ። "ለበዓል ሰላምታም ወረፋ አለው እንዴ?" ይል ነበር ሥራ አስኪያጁ።

ከዚያ ዝም። ዋጋ ብንልክ፣ የጭነት ቀን ብንልክ፣ ለገዢዎቹ አይደርስም። ጽጌረዳው ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፋ። ለቃሚ ሴቶቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

የእርሻው ባለቤት ከአዲስ አበባ መጡ።

"ማንም አላስጠነቀቀኝም" አለ ሥራ አስኪያጁ።

ኦቦ ቶሎሳ ወደ እኔ አዩ። ባለቤቱም ዞሩ። "አንቺ፣ እዚህ ነበርሽ? የሰማሽው ነገር አለ?"

የቀጠረኝ ሥራ አስኪያጁ ነው። "በስድስተኛ ክፍል ሌላ ማን ይወስድሻል?" ይለኝ ነበር። እናቴ የምታድረው በእኔ ነው። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ሻይ እየቀዳሁ ነበር" አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ በዚያው ቀን ተሰናበቱ። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ባለሙያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየላከ አስተካከለው፤ ልክ እሳቸው እንዳሉት። ለዚያ ባለሙያም ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ። አሁንም እዚያው ነኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የተጠየቅኩት፤ እሱን ቃል እስካሁን ይዤው እዞራለሁ።

ያን ቀን ኦቦ ቶሎሳ ሲወጡ ዕቃቸውን በካርቶን ታቅፈው ነበር። በሩ አጠገብ አንገቴን ደፍቼ ቆሜአለሁ። ፊቴ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"አይዞሽ ልጄ። እጄ ሙሉ ነው፤ በሩን ብቻ ክፈቺልኝ።"