ማንን «እንብላ» ልበል

አባቴ የሚከሳው በበሽታ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አስተማሪ ስለሆንኩ መደምደም ይቀናኛል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እናቴ ሞታለች፣ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፣ አባቴ ሮቢት አጠገብ ባለው ቤታችን ብቻውን ቀርቷል። እኔ የማስተምረው ቆቦ ነው። ቅርብ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር፣ ስብሰባ በሌለበትም ቅዳሜ ደከመኝ ብዬ እቀር ነበር።

በራሴ ፈንታ ነጭ ጤፍ እልክለታለሁ። የጎረቤታችን ሚስት ትጋግርለታለች። ዝናብ ቀርቶ አገሩ ሁሉ የማሽላ እንጀራ እንኳ በቸገረው ጊዜ አባቴን ጤፍ ማብላቴ ኩራት ኩራት ይለኝ ነበር።

ጎረቤታችን ቆቦ ገበያ አግኝቶኝ አባቴ እየመነመነ መሆኑን ሲነግረኝ ደንግጬ ሄድኩ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ደጋግሞ መረመረውና በሽታ የለበትም፣ ብቻ ይብላ አለኝ። ቤት ተመልሰን መሶቡን ብከፍተው እንጀራው ሻግቷል። በጣም ተናደድኩ።

«ጤፉን ምን አድርገው ብዬ ነው የምልክልህ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ማንን እንብላ ልበል?» አለኝ።

እኛ አገር ሽማግሌ ብቻውን አይቆርስም። ድሮ አባቴና ጎረቤቶቹ አንድ ቀን እዚህ፣ አንድ ቀን እዚያ እየተጠራሩ ነበር የሚበሉት። የኔ ጤፍ ሲመጣ ግን ሰዎቹ አንድ ሁለቴ በሉና ቀሩ። መልሰው የሚጠሩበት ማሽላ እንኳ ስላልነበራቸው አፈሩ። በምሳ ሰዓት በደጃችን ማለፍ ትተው በጓሮ ይዞሩ ጀመር። አባቴ መሶቡን ከፍቶ ደጁን ያያል፤ ሰው ሲጠፋ መልሶ ይከድነዋል።

እጄን ታጥቤ ቀረብኩ። «ቢስሚላህ፣ እንብላ» አለ፤ ድምፁ ደመቅ አለ። እሱ በላ። እኔም አብሬው ቆረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከስብሰባ እየቀረሁ ሮቢት እሄድ ነበር፤ ለዚህም ግለ ሂስ አድርጊ ተብያለሁ። ጎረቤቶቹንም እየዞርኩ ለመንኳቸው፤ እሺ አሉኝ፣ አልመጡም። አባቴ ትንሽ ሥጋ ለበሰ። ግን በሳምንት ውስጥ ያለችው አንዲት ቅዳሜ ብቻ ናት።

ወንድሜ ሳይመለስ አባቴ አረፈ። የሞተው ሐሙስ ነው። ከቀብር መልስ መሶቡን ስከፍተው፣ ቅዳሜ አብረን የቆረስነው እንጀራ እንደተውነው ነበር።