ሰባት ቤት በሰማኝ አቆጣጠር

ሰማኝ ምትኩ አፍሪዳር ሰፈር ካለ አንድ ቢሮ ከአገር ቤት ለሚገቡ አዲስ መጪዎች ዕብራይስጥ ያስተረጉማል፤ ከሥራው ጎን ለጎን ለሁለተኛ ዲግሪ ይማራል። ይህን የማያውቅ የሰፈራችን የአቲቆት ሰው የለም፤ ራሱ ነግሮን ጨርሷል።

ዲግሪው በአንድ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የጻፈው ስለ ሰባት ቤት ቆጠራ ነው። በእኛ ልማድ ሰባት ትውልድ ያልተራራቁ ሰዎች አይጋቡም፤ የተጋቡ እንደሆነ ነውሩ እስከ ልጅ ልጅ ይከተላል። ሰማኝ ለምሳሌ የመረጠው የገዛ አባትና እናቱን ጋብቻ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

የአባቱ እኅት እትዬ ይታይሽ ግቫት ጺዮን ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ይጦራሉ። ማንበብ አይችሉም፤ የዘመዱን ሁሉ ትውልድ ግን አንድም ሳይዘሉ ይቆጥራሉ። እኔ ጎረቤቱ ነኝና፣ «ከማስገባትህ በፊት ለእሳቸው አንብብላቸው» ብዬ መከርኩት። እሳቸውም ማንበብ ባለመቻላቸው አላፈሩም፤ «እስቲ አምጣው ልጄ» አሉት።

«ሎ፣ አይሆንም እትዬ! ይሄ ኡኒቨርሲታ ነው፤ የእርስዎ ነገር አይደለም። ሰው ከነካካው ሐሳቤ ይበላሻል» አለ።

ሐሳብ እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ የእኛውም ልክ አንድ ዓመት ነገሠ።

ጽሑፉን በሚያቀርብበት ቀን እናቱን እማማ ደስታን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። እኔና እትዬ ይታይሽ ከጎናቸው ነበርን። የመጀመሪያው ገጽ «ለእናቴ» ይላል። ቀጥሎ የዘር ሐረጉን ግድግዳው ላይ አበራ። ጽሑፉን የምትመዝነው መምህር በጣቷ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ከዚያም በዕብራይስጥ፣ «አንተ እንደጻፍከው ወላጆችህ የሚራራቁት ስድስት ቤት ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት ተጋቡ?» ስትል ጠየቀችው።

እማማ ደስታ ዕብራይስጥ አይሰሙም። «ምን አለች፣ ልጄ?» አሉት። ማስተርጎም እንጀራው የሆነ ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ አሳዘኑኝ።

እትዬ ይታይሽ ብድግ አሉ። «ስሞቹን ጥራ!»

«አጥናፉ... ክንዴ አጥናፉ...»

«ቁም! ክንዴ የአጥናፉ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ስላሳደገው በአያቱ ስም ተጠራ። አባቱን ወዴት ጣልከው?»

አንድ ሰው ተጨመረ፤ ሰባት ሞላ። የእማማ ደስታ ፊት ግን አልተመለሰም።

«እኔን ሲድሩኝ ሦስት ሽማግሌ ተቀምጦ ቆጥሯል» አሉ ልጃቸውን እያዩ። «አንተ ለአንድ ሰው ማሳየት ከበደህ?»

መምህሯ ምን እንዳሉ ጠየቀችው። ይህችን ቃል በቃል ተረጎማት፤ ግዴታው ነበር።

መምህሯ የጽሑፉን ጥራዝ ዘጋችና፣ ለእሱ ሳይሆን ለእትዬ ይታይሽ ሰጠቻቸው።