የዋቅቶላ ሸክላዎችና ስሙ ያልታወቀው ወንድም

ዋቅቶላ በመልኩም በኪሱም ተመክቶ አያውቅም፤ በጆሮው ግን ይመካል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው የቴፕና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቁ ሰው የታመመ ድምፅ ማጉያ ይዞ ሲገባ፣ ለአፍታ ከፍቶ ይሰማና ብሎን ሳይነካ "ግራው ነው፤ ወረቀቱ ተቀዷል" ይላል። ሲፈቱት ግራው ነው፤ ወረቀቱም ተቀዷል።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት የሙዚቃ ሸክላዎች እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆመዋል። እዚያው ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አለ። ዋቅቶላ የገዛውን ሸክላ ሦስት ጊዜ ሳይሰማ ስለ ድምፁ አንድ ቃል አይጽፍም። ባለፈው ክረምት ስላገኛቸው ሦስት ሸክላዎች የጻፈው ይህ ነው፦

«ቁጥር 212። ትልቅ። የዱሮ ሙዚቃ፣ ውጭ አገር እንደ አዲስ የታተመ። ሽፋኑ ያምራል፤ ክብደቱም ደህና ነው። ድምፁን ግን አጥበው አጥበው፣ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን አየር ጭምር አብረው ደፍተውታል። ለእንግዳ ይሆናል።

ቁጥር 213። ትንሽ። የሠርግ ዘፈን፣ ከምናለሽ ተራ። ወረቀቷ ላይ በእስክሪብቶ "ከፓርቲው በኋላ ለሁንዴሳ ይመለስ" ይላል። አልተመለሰም። ሁንዴሳ በሕይወት ካለ መጥቶ ይውሰድ።

ቁጥር 214። ትንሽ። ወረቀቷን ውሃ በልቶታል፤ ከጽሑፉ የተረፈው 45 የሚለው ቁጥር ብቻ ነው።»

ከዚህ በታች ደብተሩ ለሦስት ቀን ባዶ ሆኖ ቆየ።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጁ ሩቲ ላፕቶፗን ይዛ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣለች። ለቡ ያለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ሠላሳኛ ዓመቷን ልታከብር ስለሆነ የበዓሉን መጽሔት የተየበችው እሷ ናት፤ ማተሚያ ቤቱ ደርሷል፣ ሰኞ ይታተማል። ዋቅቶላ ቁጥር 214ን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠና መርፌዋን አወረደ። አኮርዲዮን በደስታ ተነሣ። ተከትላም አንዲት ወጣት፣ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ድምፅ ያላት፣ መዘመር ጀመረች።

ሩቲ ቀና አለች። "አባ፣ ይሄ የወንዙ መዝሙር አይደል እንዴ?"

"ነው።"

"ልጅቷ ታክሲ ሊያመልጣት ነው እንዴ? ምን ያስሮጣታል?"

የወንዙ መዝሙር የሚሉት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ከማንኛውም መዝሙር አብልጣ የምትወደው ነው። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው አማኞች መስኮት ሸፍነው በየቤቱ ሲሰበሰቡ፣ ያ መዝሙር ስም ባልተጻፈበት ካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ካሴቱ ላይ የሚሰማው ወፍራም፣ ሐዘን የተጫነው የወንድ ድምፅ ነው፤ እንደ ኦርጋን ከባድ የሆነ መሣሪያ ያጅበዋል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ አንድ ጊዜ "ዱም" የሚል ነገር ይሰማና ምእመኑ "ወንድማችን" የሚለው ዘማሪ ያለቅሳል። ያቺን ለቅሶ የማያውቅ አማኝ የለም። ኳየሩም እዚያ ሲደርስ ከበሮ አንድ ጊዜ ይመታል፣ ዘማሪዎቹ ይቆማሉ፣ ጉባኤው እንባውን ያፈስሳል።

ዋቅቶላ መርፌዋን አነሣ። ጣቱ የፍጥነት መቀየሪያዋ ላይ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ በደቂቃ ከአርባ አምስት ዙር ወደ ሠላሳ ሦስት አወረዳትና እንደገና ከፈተው።

የልጅቷ ድምፅ ወፈረና ወንድም ዘመረ። ያው ወንድም፣ ያው ኦርጋን፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያው "ዱም"፣ ያው ለቅሶ።

ሩቲ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እና ስታለቅስ የኖረችው..."

"አላለቀሰችም" አለ ዋቅቶላ፣ ወደ አርባ አምስት እየመለሰው። በትክክለኛው ፍጥነት ልጅቷ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ደረሰች፤ አንድ ነገር "ጧ" አለ፤ እሷም ፍርፍር ብላ ሳቀችና ሳቋን ውጣ ቀጠለች።

"እትዬ ተሾመች" አለች ሩቲ ቀስ ብላ።

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው። እትዬ ተሾመች ሀና ማርያም የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትመሠረት ተነሥታ "ይህን መዝሙር እኔ ነኝ የዘመርኩት" ብላ ነበር። ሰው ሳቀ። አንዱ ጎረምሳ "እትዬ፣ ያኔ ጺምም ነበረዎት?" አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም፤ መዝሙሩ ሲጀመር ግን ትወጣለች። ሩቲ የተየበችው መጽሔት ደግሞ ስለ መዝሙሩ እንዲህ ይላል፦ "ዘማሪው ስሙ ያልታወቀ ወንድም ነው።" ሰኞ እንደዚያ ከታተመ፣ እንደዚያው ሆኖ ይቀራል።

ዓርብ ጠዋት ዋቅቶላ ሀና ማርያም ሄደ። ሸክላውን ግን ሱቁ ትቶት ነው፤ ማንም ቀድሞ የሰማውን መድገም ይችላል ብሎ ያምናልና።

"እትዬ ተሾመች፣ የዚያን መዝሙር ሸክላ አይቻለሁ። ምንም ሳላሰማዎት አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምን ሆነ?"

አሮጊቷ ከመነጽሯ በላይ አየችው። "ሠላሳ ዓመት ጠብቃችሁ ደግሞ ልትስቁብኝ ነው?"

"እኔ ስቄ አላውቅም።"

"ዝም ብለሃል። ዝም ያለውም ከሳቀው ጋር ነው የተቆጠረው።"

ዋቅቶላ ይህ እውነት መሆኑን ያውቃል። እሷም ቀጠለች።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስቱዲዮውን የፈቀዱልን ለአንድ ሰዓት ነው። አኮርዲዮን የሚጫወተው ልጅ በእግሩ ምት ይመታል፤ ጫማው ሰፊ ነው፣ የወንድሙ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከእግሩ ወልቆ በሩን መታው። ሳቅሁ። እንደገና እንዳንቀዳ ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ እንዲሁ ወጣ።" መነጽሯን አወለቀች። "በኋላ ያንን ካሴት ስሰማ ድምፁ የእኔ አይደለም። ጫማው ቦታው ላይ ነው፤ ሳቄ ግን ለቅሶ ሆኗል። እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ፣ ዋቅቶላ። ሰው የገዛ ድምፁን ሳያውቅ ሲቀር ምን ይላል?"

"ነገ የኳየር ልምምድ አለ። ይምጡ።"

"በሰባ አንድ ዓመቴ ሁለተኛ መሳቂያ አልሆንም።"

"ከተሳቀ በእኔ ይሳቅ። ጆሮዬን አስይዤ ነው የምወስድዎት።"

"የሚያስይዝ ነገር አጣህ?" አለች፤ ነገር ግን ነጠላዋ የት እንዳለ በዓይኗ መፈለግ ጀምራ ነበር።

ቅዳሜ ዋቅቶላ ማጫወቻውን ተሸክሞ አዳራሹ ሲገባ የኳየሩን መሪ ጋሽ ታሪኩን ከበሮ መቺውን ሲያርም አገኘው። "ቀስ! ወንድማችን ሊያለቅስ ነው፤ ምቱ እንደ ልብ ምት ይሁን!"

"ጋሽ ታሪኩ፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ" አለ ዋቅቶላ። ሸክላውን በአርባ አምስት አሰማ፤ በሠላሳ ሦስት አሰማ፤ እንደገና በአርባ አምስት። ኳየሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ በሦስተኛው ግን ሁሉም አንገቱን ወደ ማጫወቻው አሰገገ።

ጋሽ ታሪኩ ፊቱ ጠቆረ። "አርባ ስድስት ዓመት አልቅሰናል። አሁን መጥተህ ሳቅ ነበር ልትለኝ ነው?"

"ያ ከበሮ ደግሞ ጫማ ነው" አለች እትዬ ተሾመች ከኋላ ወንበር።

ከበሮ መቺው ዱላውን ከፍ አድርጎ አየው። አንዲት ዘማሪ ልትስቅ ስትል ጎረቤቷ በክርኗ ነካቻት።

"እህት ተሾመች፣ የማን ጫማ?" አለ ጋሽ ታሪኩ።

እሷም ለዋቅቶላ የነገረችውን ቃል በቃል ነገረችው፤ ስቱዲዮውን፣ አኮርዲዮኑን፣ የወንድምየውን ሰፊ ጫማ፣ በሩን።

ጋሽ ታሪኩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የመሪ ድምፅ አልነበረም። "ካሴቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አጎቴ ጓዳ ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንቤ። የቀዳሁበትን የአጎቴን ሸክላ ወረቀት ስም እንዳይገኝበት ብዬ የላጥኩትም እኔ ነኝ። የአጎቴ ማጫወቻ መቀየሪያዋ ተሰብራ ሠላሳ ሦስት ላይ ተጣብቃ ነበር። መዝሙሩን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ የሰማሁትን ቀዳሁ። ጊዜውም ሐዘን ስለነበር ትክክል መሰለኝ።"

ዋቅቶላ በሕይወቱ ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ ያውቃል፤ ልክ መሆን እንዲህ የከበደው ግን ያን ቀን ነው። "ጋሽ ታሪኩ፣ እርስዎ ባይቀዱት ኖሮ መዝሙሩ ጠፍቶ ነበር" አለ።

"መዝሙሩ አልጠፋም። የጠፋችው እሷ ናት።" ጋሽ ታሪኩ ወደ አሮጊቷ ዞረ። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሆነው፣ እኔ ፊትዎ ቆሜ 'ወንድማችን' ስል... ምነው አንድ ቀን እንኳ አልጮኹብኝም?"

"ስትዘምሩ ያምር ነበራ" አለች እትዬ ተሾመች። "ያናደደኝ እሱ ነው። ብታበላሹት ኖሮ እጮህ ነበር።"

ያን ጊዜ ኳየሩ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ዋቅቶላ ሳቋን ያውቀዋል፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ደጋግሞ የሰማው ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ጥቂት አሻክሮታል እንጂ ያው ፍርፍር የሚለው ነው። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ጋሽ ታሪኩ ስልኩን አውጥቶ ለማተሚያ ቤቱ ሰው ደወለና ድምፁን ለሁሉም ከፈተው። "የመጽሔቱ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ 'ስሙ ያልታወቀ ወንድም' የሚል አለ። አውጣው።"

"እሺ። በምትኩ ማን ይግባ?" አለ ሰውየው።

ጋሽ ታሪኩ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ተነሥቶ ስልኩን በሁለት እጁ ለእትዬ ተሾመች ሰጣት።

አሮጊቷ ስልኩን ከጆሮዋ ሳይሆን ከአፏ ፊት ያዘችው፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ጻፍ" አለች፤ "ተሾመች። የአባቴ ስም ደጉ። የአያቴንም ጨምር፤ ቦታ አለህ አይደል?"